ሪዝ እናሳድግ፣ ለምርመራም እናዋጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ የወንዶች ጸጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን እገዛለሁ፤ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ያነበዋል፣ ሲያረጅ ደግሞ መስታወት እወለውልበታለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። ሰሞኑን ስለ ጡት ካንሰር አንድ ሙሉ ገጽ ማውጣታችሁን አይቻለሁ። ሸጋ ሥራ ነው። ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ለእህቷ ልታሳያት።

ቅሬታዬ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። የፈረንጆቹ ኦክቶበር ስለ ጡት ካንሰር የሚወራበት ከሆነ ኖቬምበር ደግሞ ስለ ወንዶች ጤና የሚወራበት ነው። እናንተ ግን አምናም ካቻምናም አንዲት መስመር አልጻፋችሁም። ወንዱ አይታመምም ያለው ማነው? እንደኔ እንደኔ ወንዱ ይታመማል፣ አይናገርም እንጂ። ስለማይናገርም ማንም አይጽፍለትም።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገረው። ሞቬምበር ይሉታል፣ ወንዶች በኖቬምበር ሪዝ እያሳደጉ ስለ ወንዶች ጤና የሚያወሩበትና ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ዘመቻ ነው። በፈረንጆች 2003፣ በእኛ ኅዳር 1996 መሆኑ ነው፣ አውስትራሊያ ሜልበርን ውስጥ ትራቪስ ጋሮንና ሉክ ስላተሪ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ቢራ ይዘው ሲያወጉ ‹ሪዝ የሚባል ነገር እኮ ጠፋ፣ ለምን አንመልሰውም?› ይባባላሉ። የአንድ ጓደኛቸው እናት ያን ጊዜ ለጡት ካንሰር ገንዘብ ታሰባስብ ነበርና ከእሷ ሐሳብ ወስደው ሪዝ የሚያሳድጉ 30 ወንዶች ሰበሰቡ። የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ወሩን ሙሉ ያገኛቸው ሰው ሁሉ ‹ይሄ ደግሞ ምን መጣብህ?› እያለ ሲያስቸግራቸው ጊዜ ነገሩ ኃይል እንዳለው ገባቸው። በዓመቱ ሰው ጨምረው፣ ገንዘብ ሰብስበው ለአውስትራሊያ የፕሮስቴት ካንሰር ፋውንዴሽን አስረከቡ፤ ድርጅቱ እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ጊዜ ከተቀበለው ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ዛሬ ከ20 በላይ አገር ገብቷል፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበታል፣ ከ1,250 በላይ ፕሮጀክቶች በዚያ ገንዘብ ተደግፈዋል። ዋና ዋና ጉዳዮቻቸው የፕሮስቴት ካንሰር፣ የዘር ፍሬ ካንሰርና የአእምሮ ጤና ናቸው።

ሕጉን እንኳ የሙያዬ ስለሆነ ልተንትነው። በወሩ የመጀመሪያ ቀን ፊትህን ሙልጭ አድርገህ ትላጫለህ። ከዚያ ወሩን ሙሉ ሪዝ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሪዙ በጉንጭ በኩል ሄዶ ከጆሮ ግንድ ጸጉር ጋር ከተገናኘ ጺም ሆነ ይላሉ፣ ወደ ታች ወርዶ አገጭ ላይ ከተገጣጠመም ውድቅ ነው። ስለዚህ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ጉንጭና አገጭ ማስላጨት የግድ ሊሆን ነው። ‹ይሄ ሰውዬ ገበያ ፈልጎ ነው የጻፈው› የሚል ካለ አልከራከረውም፣ ትንሽ ትንሽ ገበያም አለበት። ምላጭና አልኮል የተወደደበትን ዘመን የሚያውቅ ይፈርደኛል።

ይህ ነገር ከሜልበርን ይልቅ ጎንደር ላይ ይሠራል ባይ ነኝ። ለምን ብትሉ፣ እኛ ዘንድ ያልተላጨ ፊት ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ነው ጺሙን የሚለቀው፣ እስከ ዐርባ የሚያቆየው አለ፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። እና አንድ ሰው ፊቱ ተለውጦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ‹ምነው፣ ማን ሞተብህ?› የሚለውን ነው። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሊስትሮው ይጠይቃል፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሲኒውን ሳታስቀምጥ ትጠይቃለች። ሁልጊዜ ጺሙን ሼፕ አስወጥቶ የሚሄድ ጎልማሳ ድንገት ጉንጩ ተላጭቶ ሪዝ ብቻ ይዞ ቢገኝማ አስቡት። ያን ጊዜ ‹ማንም አልሞተብኝ፣ እንዳይሞት ነው› ብሎ መመለስ ይቻላል። ‹እንዴት?› ይላል ጠያቂው። በቃ፣ ወሬው ተጀመረ። በራሪ ወረቀት ከመበተን፣ አደባባይ ላይ ባነር ከመስቀል ይሄ ይሻላል።

ሪዝ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአርማጭሆና ከወገራ የሚመጡ አባቶች አሉ፣ ሪዛቸውን ጠምዝዘው ያሾሉ፣ ጫፉን እንኳ ላስተካክል ስል በዓይናቸው የሚከለክሉኝ። የዛሬው ልጅ ነው ጺሙን እያሳደገ ሪዙን በዜሮ የሚያስነሳው።

አሁን አንድ ነገር ላውጋችሁ፣ ስም አልጠራም። ስድሳን የዘለሉ፣ ከገጠር እየመጡ ከተማ ያለ ልጃቸው ጋ የሚያርፉ አንድ አባት ደንበኛ አሉኝ። ወንበር ላይ ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ ሽንት ቤቱ ክፍት መሆኑን ነው። ማሽኑን አንስቼ ግማሽ ጭንቅላት ላይ ስደርስ ‹ቆይማ ልጄ› ይሉና ጨርቁን አንገታቸው ላይ እንዳሰርኩት ይወጣሉ። ይመለሳሉ። ትንሽ ሳልሄድ እንደገና። አንድ ቀን ወረፋ የያዙት ልጆች ሲሳሳቁ ሰሙና ጭንቅላታቸውን አቀረቀሩ፣ ቀና እንዲሉልኝ በእጄ ደግፌ ብጠብቅም እንቢ አሉ።

«አባባ፣ ሐኪም አይተዋል?» አልኳቸው ጆሯቸው ሥር ሆኜ።

«ብርድ ነው ልጄ። ሌሊት መስኖ ሳጠጣ የመታኝ ነው።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ኧረ ስንት ዓመቱ! ሌሊት እማ እንቅልፍም የለኝ፣ ከአጥር ጥግ ነኝ። ሄጄም ጠብ ጠብ ነው።»

«ለልጅዎ ነግረዋል?»

«ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሌሊት ሽንታቸው ጨርሶ ዘጋ። ሆዳቸው ተወጥሮ፣ መቀመጥም መቆምም አቅቷቸው፣ ልጃቸው በባጃጅ ይዟቸው በረረ። ቱቦ ገባላቸው። ‹ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ይጠብቁ ነበር?› ሳይባሉ አልቀሩም። ምርመራው ሲወጣ ካንሰር አልነበረም፣ ፕሮስቴታቸው በዕድሜ አድጎ የሽንት ቧንቧውን አንቆ ይዞት ነው። ታክመው ዳኑ። አሁን ከዳር እስከ ዳር ቁጭ ብለው ይቆረጣሉ፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ የሽንታቸውን ታሪክ ሳይጠየቁ ያወራሉ፣ እኔን የቸገረኝ ማስቆሙ ነው። ልጆቹም አሁን አይስቁም፣ ‹አባቴም እንዲሁ ያደርገዋል› የሚል ነው የሚበዛው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሐኪሞችም ጸጉራቸውን ይቆረጣሉ፣ ስጠይቃቸው ይነግሩኛል፣ የነገሩኝንም አንብቤ አጣርቻለሁ። ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያለን እጢ ነው፤ ከፊኛ በታች ሆኖ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ያቀፈ። ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል። ከ50 እስከ 60 ዓመት ውስጥ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ፣ 80 ካለፉት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ይህ እድገት ይገኛል። ሌሊት ደጋግሞ መነሳት፣ ሽንት መጣ ብሎ ሮጦ ሄዶ ቆሞ መጠበቅ፣ መቆራረጥ፣ ጨረስኩ ብሎ ሱሪ ከታጠቀ በኋላ መንጠባጠብ፣ ይሄ ሁሉ የእሱ ምልክት ነው። ካንሰር አይደለም፣ መድኃኒት አለው፣ ሲብስም ኦፕራሲዮን አለው። አባቶቻችን ሽንተ ማጥ ወይም ብርድ ብለው የሚተኙበት አብዛኛው ነገር ሊታከም የሚችል ነው።

ካንሰሩ ሌላ ጣጣ ነው። ክፋቱ፣ ሲጀምር ዝም ማለቱ። አያምም፣ ብዙ ጊዜ ሽንትም አያውክም። ‹እኔ ሽንቴ ደህና ነው› የሚል ሰው ውስጥ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። እየገፋ ሲሄድ አጥንት ይወዳል፣ ወገብና ዳሌ። ወገብ ሲያመን ደግሞ እኛ የት እንደምንሄድ የታወቀ ነው፤ ወጌሻ ጋ፣ ጠበል፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ፍል ውሃውም የደከመ ሰውነት ያፍታታል። ነገር ግን ሃምሳን ያለፈ ሰው ወገቡን ወራት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ካመመውና ከሲታ ከሆነ ከፍል ውሃው መልስ ሐኪም ደጅ ይርገጥ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተን እኮ ነው ያደግነው።

‹የፈረንጅ በሽታ ነው› የሚሉም አሉ። በዓለም ላይ በ2022 ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች ላይ አዲስ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቷል፣ በዚያው ዓመት ወደ 400,000 የሚጠጉ ወንዶች ሞተውበታል። አሜሪካና እንግሊዝ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከነጮቹ ይልቅ ጥቁር ወንዶች ላይ ነው የሚበዛው። አባቱ ወይም ወንድሙ የያዘው ሰውም ከሌላው የበለጠ ያሰጋዋል። ስለዚህ ፈረንጅ ነው ብለን የምናመልጠው ነገር አይደለም።

ምርመራውን ልንገራችሁ፣ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ወሬው ነው። ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ። እንደማንኛውም ደም ከክንድ ነው የሚቀዳው። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት የግድ ካንሰር ማለት አይደለም፤ ተራ እድገትም፣ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ውጤቱን ይዞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው እንጂ ወረቀቱን አይቶ ቤት ገብቶ መተኛት አይደለም። ሌላው ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በጣቱ የሚዳስሰው ነው። አዎ፣ እሱ። ጸጉር ቤቴ ውስጥ ይህ ነገር ሲነሳ የሚወጣውን ቀልድ ጋዜጣ ላይ ልጽፈው አልችልም። ብቻ የታዘብኩት ይህን ነው፤ ወንዱ ካንሰሩን አይደለም የሚሸሸው፣ ጣቱን ነው። ከአንድ ደቂቃ የማያልፍ ነገር ሸሽቶ ሕይወቱን ይሰጣል። ጥይት የማይፈራ ሰው እኮ ነው ይሄን የሚሸሸው! ሚስቱ ስትወልድ የሆነችውን ያየ ባል ግን በዚህ ባያፍር ደስ ይለኛል። ባለሙያዎቹ የሚሉት፣ 50 ሲሞላ፣ በቤተሰብ ካለ ደግሞ 45 ላይ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መመርመር ይጠቅመኛል ወይ ብሎ መመካከር ነው።

ወጣቶቹ ‹ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው› ብለው እንዳያልፉት፣ ለእነሱም አለ። የዘር ፍሬ ካንሰር ከጉርምስና እስከ አርባዎቹ ባለው ዕድሜ ነው በብዛት የሚታየው። በጊዜ ከተደረሰበት በደንብ ከሚድኑት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። ጋዜጣው ይቅር ይበለኝና፣ ገላ ሲታጠቡ በሙቅ ውሃ ቆለጥን በጣት መዳበስ፣ የማያምም ጠጣር ነገር ካለ፣ አንደኛው አለልማዱ ካደገ ወይም ከከበደ፣ ለሐኪም ማሳየት። አለቀ። ይህን ከኔ የሰማ አንድ ተማሪ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ ‹ለእነሱም ንገራቸው› አለኝ፣ ራሱ ለመናገር አፍሮ።

የአእምሮ ነገር ግን ከሁሉም ይከብደኛል። በእኛ ሥራ ጸጉሩ ሳያድግ የሚመጣ ደንበኛ አለ። ከሦስት ቀን በፊት ተላጭቷል፣ ዛሬም ይመጣል። ጉንጩን ስነካው የሚላጭ ነገር የለም። ምላጩን ቀይሬ፣ አረፋ ቀብቼ፣ ባዶ ፊት ላይ እንቀሳቀሳለሁ፣ ምክንያቱም ሰውዬው የመጣው ለመላጨት አይደለም። ሰው ፈልጎ ነው። ሥራ ያጣ አለ፣ ከቤቱ ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የገባ አለ፣ ይህ ያለንበት ዘመን ያሳየውን ያሳየው አለ። ‹እንዴት ነህ?› ሲሉት ‹ክብሩ ይስፋ› ይላል። ምሽት አረቄ ቤት ነው። ወንድ ልጅ ሆዱን አይገልጥም ብለን አሳድገነው አሁን ‹ምነው አልነገርከንም› ብንለው ከየት ያምጣው? የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰው ሕይወቱን በራሱ እጅ እንደሚያጣ ይናገራል፣ ወንዶቹ ደግሞ በእጥፍ ይበዛሉ። የሞቬምበር ሰዎች በየሰዓቱ 60 ወንድ እንደዚህ ይሄዳል ብለው፣ ሪዝ የማያሳድግ ሰው በወሩ ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በእግሩ እንዲሄድላቸው ይጠይቃሉ። እኛ አገር ቤተሰቡ ነውር ስለሚሆንበት በሌላ በሽታ ሞተ ብሎ ይቀብራል፣ እድርተኛውም አውቆ ዝም ይላል። መፍትሔውን እኔ አላመጣም፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እሱም እንደ ጥርስና እንደ ዓይን ክፍል የሚገባበት በር ነው። አንድ ሰው ሲጠፋባችሁ ደውሉለት፣ ካልሆነም እኔ ጋ ላኩት፣ ምላጭ አለኝ፣ ወንበር አለኝ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ዋናው ጉዳዬ ይሄ ነው።

ወንዱ በእድር በኩል ዕድሜ ልኩን ያዋጣል። ለምን? ሲሞት እንዲቀበር። የእኛ ሰፈር እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ሰው ሲሞት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። ይህን የመሰለ ድርጅት የትም አገር የለም ብል አልተጋነነም። ታሞ ቤቱ ለተኛው ግን ምንም የለውም። ‹ይማርህ› ብለን ብርቱካን ይዘን ከመሄድ ሌላ። የባሰበት ሰው ሲሆን ደግሞ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ ፒክአፕ ላይ ፎቶውን ለጥፈን፣ በድምፅ ማጉያ ‹ወገን ሆይ ድረስለት› እያልን ከፒያሳ አዘዞ እንዞራለን። ብዙውን ጊዜ ያኔ መሽቷል።

እኔ የምለው፣ በኅዳር ወር እያንዳንዱ እድርተኛ የአንድ ጸጉር ቁርጥ ዋጋ ያዋጣ። በቃ ይኸው ነው። ሪዝ የሚያሳድገው ደግሞ ‹ሪዜን ያየህ ክፈል› እያለ ከጓደኞቹ፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከውጭ ካለ ዘመዱ ይሰብስብ፣ በቴሌብርም ይሁን በባንክ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የሚሰበሰበው ለማን ይሁን? ከቋራ፣ ከመተማ፣ ከጃናሞራ፣ ከበለሳ ለሕክምና ለሚመጣው ምስኪን ወንድ። የእሱ ችግር የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ የመሳፈሪያው ነው፣ የማደሪያው ነው፣ ‹ነገ ተመለስ› ሲባል ነገ ድረስ የሚበላው ነው። ብዙዎቹ እኮ የነገውን ቀጠሮ ትተው የሚመለሱት በዚህ ነው። የጨረር ሕክምና ያስፈልግሃል የተባለ ሰው ደግሞ ለረጅም ዓመታት መሄጃው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን። እዚያ ለደረሰ ሰው እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ፣ ከተሰበሰበው ለእነሱም ማካፈል ይቻላል። እዚሁ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለን። በፈረንጆች 1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ለአገር ሁሉ ሐኪምና ጤና መኮንን ሲያወጣ ኖሯል። እኛ አጥሩ ሥር እያደርን በሩን የማናውቀው ከሆነ ያሳፍራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገንዘቡ ቲሸርት አይሠራበት። ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ባነር፣ የሆቴል አዳራሽ፣ የውሎ አበል፣ እነዚህ አምስቱ ስንቱን በጎ ሥራ እንደበሉት ሁላችንም እናውቃለን። ሒሳቡ በእድሮች ስም፣ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፣ ሕጋዊ ፈቃዱና ደረሰኙ ይሟላ፣ በስንት ሰው ላይ ስንት ብር እንደዋለ ኅዳር ሲያልቅ በር ላይ ይለጠፍ። ያኔ የሚቀጥለው ዓመት ሳንለምን ይመጣል። ካልተለጠፈ እኔም ራሴ አልሰጥም።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዲስ ዓለም ያሉ ሙስሊም ደንበኞቼ ሪዛቸውን አሳጥረው ጺማቸውን ነው የሚለቁት፣ ሱናው እንደዚያ ነው፣ ስለዚህ ሪዝ አሳድጉ ብዬ አልነዘንዛቸውም። ሐዘን ላይ ያለ ሰውም ተላጭ አይባልም። እነሱ ቢፈልጉ በእግር ይሂዱ፣ ቢፈልጉ ያዋጡ፣ ሪዙ ምልክት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ሪዝ አልወጣ ያላቸው ልጆችም አሉ፣ አሥር ቀን ጠብቀው ሦስት ጸጉር የሚያበቅሉ፤ እነሱ እንዲያውም ብዙ ገንዘብ ያመጣሉ፣ ሰው እየሳቀ ይከፍላል። ጎፈሬና ሙሉ ጺም ለምን አላልክም የሚለኝ ካለ፣ በዚህ ሰዓት ለምን እንዳላልኩ ጎንደር ያለ ሰው አይጠይቀኝም። ሴቶቹን ደግሞ አልረሳኋቸውም፣ ሜልበርንም ላይ ሴቶች ተሳታፊ ናቸው። እውነቱን ከተነጋገርን ወንዱን እጁን ይዛ ሆስፒታል የምታደርሰው ሚስቱ ወይም ልጁ ናት።

ቀኑም ይገጥማል። ኖቬምበር 1 ዘንድሮ ጥቅምት 22 ላይ ይውላል፣ የሚያበቃው ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ናት። መሃል ላይ ኅዳር 12 አለች፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው። ያን ቀን ለምን ቆሻሻ እንደምናቃጥል ልጆቻችን ባያውቁም፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የገባው ወረርሽኝ ስንቱን ቤት እንደዘጋ ሲነገረን ነው ያደግነው። ያኔ ሕዝቡ ስለ ጤና ያገኘው ዘዴ ሰፈሩን ማጠን ነበር፣ እስከ ዛሬም አልተወውም። እንግዲህ በኅዳር ስለ ጤና መሰባሰብ ከፈረንጅ የተዋስነው ነገር አይደለም፣ እድሮች በዚያው ቀን ጠርገው አጥነው ሲጨርሱ ሐኪም ጋብዘው ግማሽ ሰዓት ቢያነጋግሩስ?

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ጥቅምት 22 ከመድረሱ በፊት ስለ ወንዶች ጤና ግማሽ ገጽ ስጡን። ሆስፒታሉን ጠይቁና የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሕክምና በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በር እንደሚሰጥ፣ ካርድ የት እንደሚወጣ ጻፉልን፤ ሰው በርና ቀን ካልተነገረው አይሄድም። ፒኤስኤ ምርመራ ስንት ብር እንደሆነም አብራችሁ አውጡት፣ የመንግሥቱንም የግሉንም። እድሮቹ ሒሳብ ከከፈቱ ደግሞ ቁጥሩን አትሙት፣ ኅዳር ሲያልቅ የገባውንና የወጣውንም እንደዚያው።

በእኔ በኩል ጥቅምት 22 ቀን ለሪዝ የሚመዘገብ ሁሉ የመጀመሪያው መላጨት በነጻ ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። በየሰፈሩ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼም፣ ማራኪም ቀበሌ 18ም አዘዞም ያላችሁ፣ እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። የዝግጅት ክፍሉ ወንዶችም ብትመጡ ወረፋ አስይዛለሁ፣ ፎቶግራፍ አንሺያችሁን ግን ይዛችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ
አንድ ጸጉር አስተካካይ፣ ከጎንደር ፒያሳ